የሚሟሟው ርብራብ፦ በበጎች አጥንት የተሞከረው የስቴም ሴል ሕክምና የት ደረሰ?

ቀዶ ሕክምና ካደረግን በኋላ «ይህ ክር አይወጣም፤ እዚያው ሟሙቶ ይጠፋል» ተብለን ወደ ቤታችን የተመለስን ብዙዎች ነን። ክሩ እውነትም ይጠፋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሐኪሞች እጅ ያለው ይህ ዓይነቱ ክር ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ላክቲክ አሲድ ነው። እርጎን የሚያኮመጥጠው፣ ሮጠን ስንደክም በጡንቻችን ውስጥ የሚፈጠረው ያው አሲድ ማለት ነው። ሞለኪውሎቹ እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው ክር ይሆናሉ፤ ሰውነት ውስጥ ሲቆዩ ደግሞ በሰውነታችን ያለው ውኃ ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል። የተረፈውን ሰውነታችን እንደ ምግብ አቃጥሎ በአብዛኛው በትንፋሽ ያስወጣዋል።

ከዚህ ክር ተነስተው ሳይንቲስቶች አንድ ሐሳብ አመጡ። ክር ሆኖ የሚሟሟ ነገር ቅርጽ ሆኖም ሊሟሟ ይችላል፤ በአጥንት ቅርጽ፣ በጆሮ ቅርጽ፣ በጉልበት ልም አጥንት ቅርጽ። በላዩ ላይ ሕያው ሴል ቢዘራበትስ?

ይህን ርዕስ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። «በስቴም ሴል ጉልበት እናድሳለን፣ አከርካሪ እንጠግናለን፣ ስኳርም እናድናለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየስልካችን እየገቡ ነው። ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ንብረት ሸጦ ሕመምተኛውን ወደ ውጭ ለመላክ ሲነሳ ነገሩ የሳይንስ ወሬ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የቱ ተሞክሮ የተረጋገጠ እንደሆነ፣ የቱ ገና እንደሆነ፣ በመሐል ደግሞ ሰው የሞተበት የቱ እንደሆነ እንመልከት።

ከአጥንት እንጀምር። አጥንት በአላህ ፈቃድ ራሱን ከሚጠግኑ የሰውነት ክፍሎች ግንባር ቀደሙ ነው። ሐኪሙም ሆነ ወጌሻው የሚያደርጉት ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ እንዳይነቃነቅ መያዝ ነው፤ የመግጠሙን ሥራ የሚሠራው አጥንቱ ራሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው አጥንቱ ሲጎድል ነው። በመኪና አደጋ፣ በጥይት ወይም በዕጢ ምክንያት ከመሐል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከወጣ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም። ሰውነት ክፍተቱን አጥንት ባልሆነ ጠባሳ ይሞላዋል፤ እግሩም እዚያ ላይ እንደ ላላ ማጠፊያ ይወዛወዛል።

ለዚህ እስካሁን ያለው መፍትሔ ከራሱ ከሕመምተኛው ዳሌ አጥንት ቆርሶ ክፍተቱን መሙላት ነው። ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ዳሌ የሚሰጠው አጥንት ውስን ነው፤ የተቆረሰበት ቦታም ለብዙ ጊዜ ያማል። ሌላው መንገድ እግሩን ከውጭ በብረት ቀለበቶች ይዞ አጥንቱን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እየሳቡ ማስረዘም ነው። እርሱም ወራት ይወስዳል።

ታዲያ አጥንት የሚሠሩ ሴሎችን በመርፌ ወስዶ ክፍተቱ ውስጥ መጨመር አይበቃም ወይ? አይበቃም። ሴል የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ባዶ ቦታ ላይ የፈሰሰ ሴል በደም ታጥቦ ይሄዳል፣ ወይም ይሞታል። ሕንጻ ሲሠራ በዙሪያው የባሕር ዛፍ እንጨት ርብራብ ይቆም የለ? ግንበኛው እርሱ ላይ ቆሞ ይገነባል፤ ግድግዳው ሲጠና ርብራቡ ይፈርሳል። የምንናገርለት የሕክምና ርብራብም ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አፍራሽ አያስፈልገውም፤ ራሱ ይሟሟል። እንደ ስፖንጅ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ለአጥንት በሚሠራው ላይ ቀዳዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ፤ ሴል እንዲገባ፣ ኋላም የደም ሥር እንዲያልፍበት።

ሐሳቡን በስፋት ያስተዋወቁት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ጆሴፍ ቫካንቲ በቦስተን የሕፃናት ጉበት የሚተክል ሐኪም ነበር፤ የሚተካ ጉበት ሳይገኝ የሚሞቱ ልጆችን አይቷል። ሮበርት ላንገር ደግሞ የኬሚካል መሐንዲስ ነው። በ1993 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ የሕብረ ሕዋስ ምሕንድስና የሚባለውን ዘርፍ ምንነት አብራሩ።

ዓለም ነገሩን ያወቀው ግን በአንዲት አይጥ ፎቶግራፍ ነው። ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም፤ ጀርባዋ ላይ የሰው ጆሮ የበቀለባት አይጥ። ፎቶው በ1997 ሲወጣ «የሰው ዘር ከአይጥ ጋር ተቀላቀለ» የሚል ቁጣ ተነስቶ ነበር። እስከ ዛሬም አንዳንድ ቦታ እንደዚያው ተብሎ ይሰራጫል። እውነታው ሌላ ነው። ጆሮው የሰው አልነበረም፤ የላም ልም አጥንት ሴሎች ናቸው። ከሚሟሟው ክር ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ነገር በሕፃን ጆሮ ቅርጽ ርብራብ ተሠራ፤ የላም ሴሎች ተዘሩበት፤ ከዚያም ባዕድ ነገር የሚዋጋ የመከላከል ኃይል በሌላት አይጥ ቆዳ ሥር ገብቶ ለ12 ሳምንታት በእርሷ ደም ተመገበ። በዘረ መል ላይ የተነካ ነገር የለም። መስማትም አይችልም ነበር፤ ቅርጽ ብቻ ነው። ሙከራው ያሳየው ነገር ርብራቡ ሲሟሟ ሴሎቹ ቅርጹን ይዘው እንደሚቆዩ ነው።

እዚህ ላይ ስቴም ሴል የሚለውን እናብራራ፤ በአማርኛ «ግንድ ሕዋስ» የሚሉትም አሉ። የላሟ ልም አጥንት ሴል ሥራውን የመረጠ ሴል ነው፤ ከዚያ ሌላ አይሆንም። ስቴም ሴል ግን ገና ያልመረጠ ነው። ከነዚህ ውስጥ ለጥገና ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ሲሆን እንደ ሁኔታው አጥንት፣ ልም አጥንት ወይም ስብ መሆን ይችላል። ከፅንስ የሚወሰድ አይደለም፤ ከአዋቂ ሰውም ከአዋቂ በግም ይገኛል። ቁጥሩ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከመቅኔ ሴሎች መካከል ከ10,000 እስከ 100,000 በሚሆኑት ውስጥ አንድ ቢገኝ ነው። ስለዚህ በመርፌ የተቀዳው መቅኔ በላቦራቶሪ በፕላስቲክ ሳሕን ላይ ይፈስሳል፤ ስቴም ሴሎቹ ሳሕኑ ላይ ይጣበቃሉ፣ ሌላው ይታጠባል። ከዚያ በ37 ዲግሪ ሙቀት እየተመገቡ ለሳምንታት ይባዛሉ።

ስቴም ሴሉ ምን መሆን እንዳለበት በምን ያውቃል? አንዱ ነገር የሚጨመርለት ኬሚካል ነው። ሌላው ግን ብዙ ተመራማሪዎችን ያስገረመ ነበር። በ2006 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አንድ ዓይነት ስቴም ሴሎችን ጥንካሬያቸው በሚለያይ ንጣፎች ላይ አሳደገ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ ያረፉት የነርቭ ሴል መልክ ማሳየት ጀመሩ፤ እንደ ጡንቻ መካከለኛ በሆነው ላይ ያሉት ወደ ጡንቻ፣ ጠንከር ባለው ላይ ያሉት ወደ አጥንት አዘነበሉ። ሴሉ የቆመበትን ወለል እየዳሰሰ ያውቃል ማለት ነው። ሱብሓነላህ የሚያሰኝ ነገር ነው። ስለዚህ ርብራቡ ዝም ብሎ መያዣ አይደለም፤ ግማሹ ሕክምና እርሱ ነው። ማስታወቂያዎቹ ስለ ሴሉ ብቻ አውርተው ስለ ርብራቡ ዝም ሲሉ ግማሹን እየደበቁ መሆኑን ልብ እንበል።

አሁን ወደ በጎቹ እንሂድ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነውና። አይጥ ትንሽ ናት፤ አጥንቷም በቀላሉ ይገጥማል፤ በእርሷ የተሳካ ነገር በሰው ላይ መሳካቱን አያሳይም። በግ ግን ክብደቷ ለአዋቂ ሰው ይቀርባል፤ የእግሯ አጥንት የምትቆምበትን ሸክም ይሸከማል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2000 «ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ» ላይ ያወጡት ሥራ በበጎች እግር ላይ የተደረገ ነው። ከሰኮናው በላይ ካለው የእግር አጥንት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቆርጠው አወጡ። ይህ ርዝመት ራሱን ችሎ ፈጽሞ የማይገጥም ነው። ከዚያ ክፍተቱን በተለያየ መንገድ ሞከሩት። አንዳንዶቹን ባዶ ተዉት። አንዳንዶቹን በባሕር ኮራል ሞሉት፤ ኮራል በተፈጥሮው ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ዓይነት ድንጋይ በመሆኑ ለአጥንት ይቀርባል፣ በሰውነት ውስጥም ይሟሟል። በሌሎቹ ላይ ኮራሉ ትኩስ መቅኔ ተጨመረበት። በመጨረሻዎቹ ላይ ደግሞ በላቦራቶሪ ተባዝተው ያደጉ የመቅኔ ሴሎች ተዘሩበት።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ባዶ የተተወው አንድም አልገጠመም። ኮራል ብቻ የገባበትም አንድም አልገጠመም። ኮራሉ ካደጉ ሴሎች ጋር የገባበት ግን ከሰባቱ እግሮች ሦስቱ ገጠሙ። ጥሩ ሆነው በተገኙት ላይ አዲሱ አጥንት ውጫዊ ጠንካራ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የመቅኔ ቦይ ሳይቀር ሠርቶ ነበር። የሰው እጅ ያልቀረጸው ቦይ ነው።

ከሰባት ሦስት! አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ምን ያኮራል?» ሊል ይችላል። ለእኛ ግን የዚህ ጥናት ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ አራቱን አልደበቁም። ያለ ሴል ዜሮ፣ ከሴል ጋር ሦስት መሆኑ ሐሳቡ እውነት መሆኑን ያሳያል፤ ሰባት አለመሆኑ ደግሞ ገና ለሕመምተኛ የሚሸጥ እንዳልሆነ ያሳያል። ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግርህን ሰው እመነው።

የቀሩት እግሮች ለምን አይገጥሙም የሚለው እስከ ዛሬ የዚህ ዘርፍ ራስ ምታት ነው። አንደኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ርብራቡ ሴሎቹ አጥንት ሳይሠሩ ከሟሟ የቆሙበት ይከዳቸዋል፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ እንዳለ ርብራብ ቀድሞ መፍረስ ማለት ነው። በጣም ከዘገየ ደግሞ ሸክሙን እርሱ ስለሚሸከም አዲሱ አጥንት ይሰንፋል፤ አጥንት ያለ ሸክም አይጠነክርምና። ቁሱን በመምረጥ ጊዜውን ማስተካከል ይቻላል፤ በሳምንታት የሚሟሟ አለ፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይም አለ። ነገር ግን የሃያ ዓመት ወጣትና የስድሳ ዓመት አዛውንት አጥንት እኩል አይበቅልም፤ የሚያጨስና የማያጨስ ሰውም እንዲሁ። አንድ ርብራብ ለሁሉም አይሆንም።

ሁለተኛው የደም ጉዳይ ነው፤ ይህኛው ከባዱ ነው። አንድ ሴል በሕይወት እንዲኖር ከቅርቡ ቀጭን የደም ሥር ከ1 ሚሊ ሜትር ሁለት አሥረኛ ገደማ በላይ መራቅ የለበትም። አውራ ጣት የሚያህል ርብራብ ሲተከል መሐል ያሉት ሴሎች ደም ሥር እስኪደርስላቸው ብዙ ቀን ይጠብቃሉ፤ በዚያ መሐል ብዙዎቹ ያልቃሉ። ቀጭን ነገር እንደ ቆዳና እንደ ልም አጥንት ቀድሞ የተሳካው በዚህ ምክንያት ነው። ልም አጥንት ጭራሹን የደም ሥር የለውም። ሙሉ ኩላሊት ወይም ሙሉ ጉበት በላቦራቶሪ አሳድጎ በሰው ላይ መትከል ያልተቻለውም በዚሁ ነው፤ «እናደርጋለን» የሚል ካለ ይዋሻል።

በሰው ላይ የአጥንቱ ሙከራ ቀስ ብሎ ተጀምሯል። በ2001 ሐኪሞች ትላልቅ የአጥንት ክፍተት የነበረባቸው ሦስት ሕመምተኞች ከራሳቸው መቅኔ የተባዛ ሴል በሴራሚክ ርብራብ ላይ ተዘርቶ እንደተተከለላቸው ዘገቡ። በ2007 አንድ ሕመምተኛ ተጨምሮ የአራቱ ውጤት ከ6 እስከ 7 ዓመት ክትትል በኋላ ወጣ፤ አጥንታቸው እንደ ገጠመ ነበር። ሴራሚኩ ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ሙሉ በሙሉ አልሟሟም ነበር። ጥሩ ጅምር ነው፤ አራት ሰው ግን አራት ሰው ነው።

በተቃራኒው የቸኮሉትን እንይ። በ2011 በስዊድን ካሮሊንስካ ሆስፒታል ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም ፓኦሎ ማኪያሪኒ የሰው ሠራሽ የመተንፈሻ ቧንቧ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ተከለ። ቧንቧው ፕላስቲክ ነው፤ የማይሟሟ። ሕመምተኛው ከገዛ መቅኔው የተወሰዱ ሴሎች ለሁለት ቀን ገደማ ተረጭተውበት ነበር። ይህ ሰው የእኛው አካባቢ ልጅ ነው፤ ለትምህርት ወደ አይስላንድ የሄደ፣ ቤተሰብ ያለው ኤርትራዊ ወጣት። ዕጢ በአየር ቧንቧው ላይ ወጥቶበት መፍትሔ ጠፍቶ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ «ላንሴት» በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ደህና መሆኑ ተጻፈ፤ ዓለም አጨበጨበ። ወጣቱ ግን በ2014 መጀመሪያ ላይ ሞተ። በዚያው ሆስፒታል እንዲህ የተተከለላቸው ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በሕይወት የሉም።

በኋላ ሲመረመር የተገኘው ነገር ነው የሚያሳዝነው። ይህ ቧንቧ በሰው ላይ ከመተከሉ በፊት በእንስሳ ላይ እንደሚገባ አልተሞከረም። አንድም በግ፣ አንድም አሳማ አልቀደመውም። የተረጨው ሴል ቧንቧውን አላለበሰውም፤ ደም ሥር ወደ ውስጡ አልገባም። «ላንሴት» ጽሑፉን በ2018 ሰረዘ፤ ሐኪሙም በ2023 በስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በከባድ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። «ስቴም ሴል» የሚለው ቃል በራሱ ምንም እንደማያድን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። በፈረንሳይ አራት የበግ እግር ሳይገጥም ቀረ፤ በስዊድን ግን በጎቹ ሊያሳዩት ይችሉ የነበረውን ሰዎች በሕይወታቸው አሳዩ።

አሁን አንባቢዎቻችን በልባቸው ወደያዙት ጥያቄ እንምጣ፤ ይህ ነገር በዲናችን እንዴት ነው? ስለ ሴሉ ምንጭ የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት በታኅሣሥ ወር 2003 በመካ ባካሄደው 17ኛ ጉባኤው ውሳኔ ሰጥቷል። ከአዋቂ ሰው በፈቃዱና ሳይጎዳ የተወሰደ ስቴም ሴል፣ ከእትብትና ከእንግዴ ልጅም በወላጆች ፈቃድ የተወሰደ ይፈቀዳል፤ ለዚሁ ተብሎ ፅንስ መፍጠርም ሆነ ሆን ብሎ ማስወረድ አይፈቀድም። የመቅኔው ሕክምና ከተፈቀደው ጎራ ነው።

ስለ ርብራቡና ስለ አሠራሩ ግን ብዙ አይወራም፤ ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚያ ነው። ሴሎች በላቦራቶሪ ሲያድጉ ለረጅም ዘመን ምግባቸው ከታረደች ላም ማኅፀን ከሚገኝ ጥጃ ደም የሚወጣ ሴረም ነው። ከሳሕኑ ላይ የሚላቀቁበት ኢንዛይም በተለምዶ ከአሳማ ቆሽት የሚወጣ ነው። ርብራቡ ራሱ ከላክቲክ አሲድ ወይም ከኮራል ካልሆነ ከላም ወይም ከአሳማ ከሚወጣ ኮላጅን ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ በ2016 መጨረሻ ለጉልበት ልም አጥንት የተፈቀደው «ማሲ» የተባለ ሕክምና የሕመምተኛውን የገዛ የልም አጥንት ሴል የሚዘራው በአሳማ ኮላጅን ሽፋን ላይ ነው።

ዑለማዎች ለዚህ እንግዳ አይደሉም። ኢማም ነወዊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጻፉትና በሀገራችን ደረሶች ዛሬም በሚቀሩት «ሚንሃጅ» ውስጥ፣ ስለ ሶላት መስፈርቶች ሲያነሱ፣ ጦሃራ የሆነ አጥንት አጥቶ የተሰበረ አጥንቱን በነጃሳ ያስጠገነ ሰው ዑዝር እንዳለው ጽፈዋል። ጦሃራው እያለ ነጃሳውን የመረጠ ግን ዑዝር የለውም። ስለ መለወጥ ማለትም ኢስቲሓላ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሐነፊዮች ነጃሳ ነገር ባሕርዩ ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ ጦሃራ ይሆናል ሲሉ ሻፊዒዮች በጥቂት ነገሮች ላይ ብቻ ይወስኑታል። የኮላጅኑ ነገር በዚህ ሚዛን ላይ ስለሆነ ፈትዋ የሚጠየቅበት እንጂ እኛ በጋዜጠኛ ብዕር የምንቆርጠው አይደለም። ሸኽ ዘንድ ስንሄድ ግን «ስቴም ሴል ሐላል ነው ወይ?» ብለን ብንጠይቅ መልስ አናገኝም። የሚጠየቀው ሴሉ ከማን እንደተወሰደ፣ ርብራቡ ከምን እንደተሠራ፣ ሌላ ከእርሱ የሚተካ መኖር አለመኖሩ ነው። በዚህ ላይ አንድ በጎ ዜና አለ፤ ዛሬ ከሰው ደም በሚዘጋጅ ምግብና ከእንስሳ ባልወጡ ኢንዛይሞች ሴል ማሳደግ ይቻላል፤ ስለዚህ «ሌላ የለም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ለሐኪሙም የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። ሴሉ የራሴ ነው ወይስ የሌላ? የሚያርፈው በምን ላይ ነው፣ ያስ በስንት ጊዜ ይሟሟል? በትልቅ እንስሳ ላይ ተሞክሯል፣ ከስንቱ ስንቱ ዳነ? በሰው ላይ ሙከራ ከሆነ ፈቃድ የሰጠው የትኛው ተቆጣጣሪ ነው? ሕጋዊ ሙከራ ብዙውን ጊዜ ከሕመምተኛው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አይጠይቅም፤ ወጪውን አጥኚው ይሸፍናል። «ሁሉንም በሽታ» የሚል ካለም እዚያው ላይ ቢበቃ ይሻላል፤ ለአጥንት የሚሠራ ጠንካራ ርብራብ ለነርቭ እንደማይሆን ከላይ አይተናል።

የሚሰጣችሁን ወረቀትም አንብቡ፤ ካልገባችሁ አስነብቡ። «አውቶሎገስ» ከተባለ ሴሉ የራስ ነው፤ «አሎጄኒክ» ከሆነ የሌላ ሰው። «ቦቫይን» ከከብት፣ «ኦቫይን» ከበግ፣ «ፖርሳይን» ከአሳማ የተወሰደ ማለት ነው።